ሰዓቱ ያሳየንን ካሎሪ መልሰን እንብላው?

[ምስል፦ ንጋት፤ ከፒያሳ ወደ ጎሃ የሚወጣው መንገድ]

ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ከፒያሳ ተነስቼ ወደ ጎሃ ሽቅብ እየወጣሁ ነው። ጫፉ ላይ ስደርስ ጎንደር ከነፋሲል ግንቧ ከታች ትታያለች። ተመልሼ ቤት ስገባ አንድ ሰዓት ያህል ተራምጃለሁ። የእጅ ሰዓቴ 400 ካሎሪ እንዳቃጠልኩ ያሳየኛል። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደክሞሻል ልጄ፤ በሞቴ፣ ይህቺን ቅመሺ» ትለኛለች።

ክብደት ልቀንስ ቆርጬ የለ? ታዲያ ያቃጠልኩትን 400 ካሎሪ ልብላው ወይስ ልተወው?

እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሙሉውን አትብሉት። ራሳችሁንም አታስርቡ።

[ምስል፦ የእጅ ሰዓት በቅርበት፤ 400 የሚለው ቁጥር]

መጀመሪያ ይህን 400 እንፈትሸው። ሰው ቁጭ ብሎም ካሎሪ ያቃጥላል። ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ ሰውነቱ ሙቀቱን ይጠብቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ በሰዓት ወደ 70 ካሎሪ ይጨርሳል። ሰዓታችሁ ድምሩን የሚያሳይ ከሆነ፣ ከ400ው ውስጥ 70ው ቤት ተቀምጣችሁም የምታወጡት ነበር። ዳገቱ ያመጣው አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሰዓቱ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 ዓይነት የእጅ ሰዓቶችን በ60 ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር። አብዛኞቹ የልብ ምትን በደንብ ቆጠሩ። ካሎሪ ላይ ሲደርስ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ተሳሳተ። የባሰው 93 በመቶ ሳተ።

እስቲ የእኔም ሰዓት 27 በመቶ አብዝቶ ቆጥሮ ነው እንበል። 400 የተባለው በትክክል 315 ገደማ ይሆናል። ቁጭ ብዬ የማወጣውን 70 ስቀንስበት 245 ይቀራል። ጎሃን ወጥቼ የወረድኩበት ሁሉ ይኸው ነው።

[ምስል፦ ድስት ውስጥ የሚንቆረቆር ዘይት]

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ሁለቱ 240 ነው። እኛ ቤት ደግሞ ዘይት በማንኪያ ተለክቶ አያውቅም፤ በዓይን ግምት ነው የሚንቆረቆረው። በጾም ቀን ሽሮው እንዲጥም ትንሽ ጨመር ሲደረግ፣ የጠዋቱ ዳገት በሙሉ ድስቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን ሳሰላ በእውነት ደነገጥኩ። ለወራት በየማለዳው እየተጓዝኩ ኪሎዬ ንቅንቅ ያላለው ለካ በዚህ ነው። ዘይት ተዉ ማለቴ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ብቻ በማንኪያ ለክታችሁ እዩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። በስልካችን የምንጠቀምባቸው አፖች የቀን ካሎሪያችሁን ሲያሰሉ «ምን ያህል ትንቀሳቀሳላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውነታችሁ በዕረፍት ላይ 1,500 ካሎሪ ይፈልጋል እንበል። «ብዙ ጊዜ እቀመጣለሁ» ካላችሁ በ1.2 ተባዝቶ 1,800 ይሆናል። «በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ስፖርት እሠራለሁ» ካላችሁ ግን በ1.55 ይባዛና 2,325 ይመጣል። ልዩነቱ 525 ካሎሪ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ስፖርቱ አስቀድሞ ተቆጥሮለታል። ከጉዞ በኋላ መልሶ ሲበላ አንዱን ጉዞ ሁለት ጊዜ በላው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት አፑን ክፈቱና ምን ብላችሁ እንደሞላችሁት እዩ። ስፖርቱን አካታችሁ ከሆነ መልሳችሁ አትብሉ። በ1.2 የሞላችሁ ከሆነ ግን ሰዓቱ ካሳያችሁ ግማሹን ያህል መብላት ትችላላችሁ። ግማሹን የምለው ከላይ ባሰላነው ሂሳብ ምክንያት ነው፤ ትንሽ መጠባበቂያም ይተዋል።

ሰውነትም የራሱ ብልሃት አለው። ጠዋት ብዙ የተጓዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ሳይታወቀው እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። በእግሩ ይሄድበት የነበረውን ቅርብ መንገድ በባጃጅ ይሄዳል። ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። ይህን የሚነግረን ሰዓት የለም።

[ምስል፦ ሚዛን]

ታዲያ በምን እንወቅ? በሚዛን። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀመስ ተመዘኑና አማካዩን ያዙ። የአንድ ቀን ቁጥር አያስደንግጣችሁ። በፋሲካ ማግስት ኪሎ ቢጨምር አብዛኛው ውሃና ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ አማካዩ ካልወረደ መልሳችሁ ከምትበሉት ቀንሱ። በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ እየወረደ ከሄደ ደግሞ ጨምሩ።

ጨምሩ የምለው ከልቤ ነው። ትንሽ እየበሉ ብዙ ስፖርት መሥራት ይጎዳል። ሁልጊዜ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ድካሙ አልለቅ ካለ፣ የወር አበባ ከተዛባ ወይም ከቀረ፣ ሰውነት ለራሱ ሥራ የሚሆን ጉልበት አጥቷል። ለአጥንትም አደገኛ ነው። ያኔ ጉዞውን ቀንሱ፣ ምግቡን ጨምሩ፣ ሐኪምም ጋ ሂዱ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ሐኪም ሳያማክሩ ካሎሪ አይቀንሱ።

የረጅም ጉዞ ቀን ሌላ ነው። ከወዳጆቻችሁ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ወጥታችሁ አምስትና ስድስት ሰዓት ስትራመዱ ውላችሁ ከሆነ፣ ያን ቀን ብሉ። እኔ በሶ ይዤ ነው የምሄደው፤ መንገድ ላይ በጥብጬ እጠጣለሁ። ማታ ስመለስ እናቴ «በሞቴ» ስትለኝ እምቢ አልላትም።