የታይሮይድ ዕጢ ሲፋጠን የስኳር ምርመራው የሚደብቀው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሥራዬንም ቤተሰቤንም የሚነካ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ በአንገት ፊት ያለው ሆርሞን አመንጪው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ሲደረብ፣ አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚሉት ዓይነት ነገር ይሆናል፤ ይባስ ብሎም የምርመራው ወረቀት ጉዳቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

አክስቴ ለብዙ ዓመታት ስኳራቸውን በኪኒን ተቆጣጥረው የኖሩ ሴት ናቸው። በኋላ ግን በደንብ እየበሉ መክሳት ጀመሩ፤ ልባቸው ይመታል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። «ስኳሬ ወረደ» እያሉ ሻይ አጣፍጠው ይጠጡ ነበር፤ ጣታቸው ተወግቶ ሲለካ ግን ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ማለትም የቆየውን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ (ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ)፣ ውጤቱ ደግሞ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም።

ስኳሩ ከፍ የሚለው በዋናነት በጉበት በኩል ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፣ ከላክቴትና ከአሚኖ አሲድም አዲስ ስኳር ይሠራል፤ ስኳርን የሚያወርደው የቆሽት ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ «በቃ» ቢለውም እንደ ወትሮው አይታዘዝም። የሰውነት ስብ ሲሟሟ ወደ ደም የሚገቡት የስብ አሲዶች ይህን አለመታዘዝ ያብሱታል፤ ኢንሱሊኑ ራሱም ከደም ውስጥ ፈጥኖ ይወገዳል። ጡንቻ ብዙ ስኳር ማቃጠሉ እውነት ነው፤ ቆሽቱ የደከመ ሰው ግን ጉበቱ የሚለቀውን ሊቋቋም አይችልም።

ታዲያ የሦስት ወሩ ምርመራ ለምን ዝም አለ? ምርመራው የሚለካው በሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ 120 ቀን ገደማ በሚኖሩ ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል። ታይሮይድ ሲፋጠን የሕዋሳቱ ዕድሜ ሊያጥር፣ ስኳር የሚጠራቀምበት ጊዜም ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። «እንግዲያው ፍሩክቶሳሚን (የቅርብ ሳምንታትን ስኳር የሚያሳየው ምርመራ) ይታዘዝ» የሚል ባለሙያ ይኖራል፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው አልቡሚን በሚባለው የደም ፕሮቲን ላይ የተጣበቀ ስኳር ነው፣ አልቡሚንም በዚህ ሕመም ቶሎ ቶሎ እየፈረሰ ስለሚተካ ይህም ውጤት ዝቅ ሊል ይችላል።

በእኔ እምነት፣ እየበላ የሚከሳና ስኳሩ ያለ ምክንያት የሚጨምር ታካሚ የኪኒኑ መጠን ከመጨመሩ በፊት ቲ ኤስ ኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚወርደው ሆርሞን ምርመራ) ሊታዘዝለት ይገባል። የአክስቴም ነገር የታወቀው በዚሁ ምርመራ ነው፤ ቲ ኤስ ኤች እጅግ ወርዶ፣ የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን፣ ነጻ ቲ4፣ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ጥንቃቄ ያሻል። ሆርሞኑ ሲረጋጋ የኢንሱሊን ፍላጎት ስለሚቀንስ፣ ቀድሞ የተጨመረው የስኳር መድኃኒት መጠን በሐኪም ካልተስተካከለ ስኳር በእውነት ሊወርድ ይችላል። ለልብ ምት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ የመንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ምልክት ይሸፍናል፤ ላቡን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ስለዚህ ላብ ሲመጣ ከመገመት ይልቅ ጣት ወግቶ መለካት ይሻላል። የሦስት ወሩን ምርመራ በሙሉ ልብ የማነበውም ሆርሞኑ ተስተካክሎ፣ አዳዲሶቹ ቀይ ሕዋሳት የቀድሞዎቹን ከተኩ በኋላ ነው።