«ወባ የለም» ከተባለ በኋላ

(በሐዋሳ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለነርሶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ አንድ ልጅ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ዓመት ከመንፈቁ ነበር። እናቱ አዝላው ገባች፤ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሦስት ማዘዣ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። አንዱ የትኩሳት ሽሮፕ፣ አንዱ አሞክሳሲሊን፣ አንዱ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም። ትኩሳቱ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሰፈር ውስጥ «ግግ ነው» ብለው ድዱን በጥተውታል። እኔም ወባ አስመረመርኩት፤ «የለም» ሲባል አራተኛውን ወረቀት ጽፌ ሸኘኋት። ሆዱን አልነካሁም።

በሳምንቱ ተመለሰች። ልብሱን ገልጬ ስዳብሰው ጣፊያው ከጎድኑ ሥር ወርዶ እምብርቱ ጋ ደርሷል። ክንዱ ከስቷል፤ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ነጥቷል። «ከሐዋሳ ወጥቶ ያውቃል?» አልኳት። «ኮንሶ፣ አያቱ ጋ ከርሞ ነው የመጣው» አለችኝ። መጀመሪያ ቀን ብጠይቃት ኖሮ ያኔውኑ ትነግረኝ ነበር። ካላዛር ነበር፤ ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ።

የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስ የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም። በኦሞና በሰገን ሸለቆ ኩይሳ ውስጥ ትጠለላለች፤ ልጆች ደግሞ ኩይሳ ሥር መጫወት ይወዳሉ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ስለሆነ እናት ከጉዞው ጋር አታገናኘውም። ማገናኘት የእኛ ሥራ ነው። ሳይታከም ከቀረ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ ይሞታል። ሕክምናው 17 ቀን መርፌ ነው፤ ያማል፣ ግን ያድናል። ያ ልጅም ድኗል።

በ1997 ዓ.ም. በአማራ ክልል በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛሩ እስኪረጋገጥ ድረስ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በዚያ መሃል ሰው አልቋል።

ወባን ርሱ ማለቴ አይደለም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ አድብቶ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ደግማችሁ መርምሩ።

የምለምናችሁ ግን ይህን ነው፦ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሕፃን አስተኙት፣ ልብሱን ግለጡ፣ ጣፊያውን ፈልጉ። የት እንደከረመ ጠይቁ። ጣፊያው ካበጠ የካላዛር ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል ዛሬውኑ ላኩት፤ የከረመበትንም አገር ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ የሚቀበለው ሐኪም እንደ አዲስ እንዳይጀምር።


አመሰግናለሁ።