የሠላሳ ሰከንዱ ጭፈራ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሐዋሳ ቪዲዮ ሠሪዎች፣

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ሚም፣ ማለትም ሰዉ በኢንተርኔት እየተቀባበለ በየራሱ መንገድ ስለሚደግመው ቀልድ ብቻ ነው፤ ስለ ሃርለም ሼክ። በ2005 ዓ.ም. ዩቲዩብ ታዩ የነበራችሁ አትረሱትም፤ ሌሎቻችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

ርዝመቱ 30 ሰከንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሄልሜት ያጠለቀ፣ ብቻውን ይወዛወዛል። አጠገቡ ያሉት እንዳላዩት ሆነው ስልካቸውን ይነካካሉ። ከባዱ ምት ሲገባ ምስሉ ይቆረጥና ያው ቦታ ባበደ ሕዝብ ይሞላል። አለቀ።

ቀላል ይመስላል እንጂ የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። በሁለቱ ቀረጻዎች መሃል ካሜራው ጣት ያህል ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይዘላል፤ ትራይፖድ ከሌላችሁ ስልኩን ድንጋይ አስደግፋችሁ ዳግም አትንኩት። ፍቅር ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ ከቀረጻችሁ ደግሞ፣ ሰዉ ልብስ እስኪቀይር ፀሐይዋ ታዘቀዝቅና የሁለቱ ምስል ቀለም አይገጥምም። ሙዚቃውን ኤዲት ስታደርጉ ጨምሩት፤ ቁርጡ ከምቱ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ አያስቅም። ከሁሉም የከፋው የአጃቢዎቹ ሳቅ ነው። ምቱ ሳይገባ አንዱ ካሜራውን አይቶ ፈገግ ካለ ቀልዱ እዚያው ይከሽፋል።

ዘፈኑ የአሜሪካዊው ዲጄ የባወር ነው፤ ከወራት በፊት ወጥቶ ነበር። ፊልቲ ፍራንክ የሚባል ዩቲዩበር ጨፈረበት። ጥር 25 አምስት የአውስትራሊያ ልጆች አሁን የነገርኳችሁን ቅርጽ ሰጡት። እስከ የካቲት 8 ቪዲዮዎቹ 40,000 ገደማ፣ ዕይታቸው 175 ሚሊዮን ደረሰ። የአሜሪካን ዘፈኖች ደረጃ የሚያወጣው ቢልቦርድም በዚያው ወር የዩቲዩብን ዕይታ መቁጠር ስለጀመረ ዘፈኑ በቀጥታ አንደኛ ገብቶ 5 ሳምንት ቆየ።

ታዲያ ለምን ቶሎ ከሰመ? ጉልበቱ በሙሉ 15ኛዋ ሰከንድ ላይ ነበር። ያቺን ሰከንድ ሁሉም ሲያውቃት የቀረው ቦታ መቀየር ብቻ ሆነ፤ ውሃ ውስጥ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ጉድጓድ ውስጥ። በምዕራብ አውስትራሊያ ከመሬት በታች የጨፈሩ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ከሥራ ተባረዋል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ሲደርሱ ወጣቱ ትቶት ሄዷል።

የኒውዮርኩ ሰፈር የሃርለም ሰዎች ግን ከጅምሩ «ይሄ የእኛ አይደለም» ብለው ነበር። እውነት አላቸው። የእነሱ ሃርለም ሼክ የትከሻ ጭፈራ ነው፤ እስክስታ የለመደ ዓይን ልዩነቱን ለማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም።

አሁን ወደ ልምምዱ። ሄልሜት ያመጣችሁ ወደ ፊት ውጡ። ድንጋጤውን ግን 15ኛዋ ሰከንድ ላይ አታድርጉት።