ፕራይም ወይስ ዙም? አዳራሹ ይወስን

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጥር እየደረሰ ነው። ስልካችሁ መጥራት ጀምሯል፣ ቀብድ የተቀበላችሁም አላችሁ። ስለዚህ መግቢያ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሰርግ ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ፕራይም ልግዛ ወይስ ዙም?» ይሉኛል። ፕራይም የማያቀርብ የማያርቅ ሌንስ ነው፤ ዙም ደግሞ ቀለበቱን አዙራችሁ የምታቀርቡትና የምታርቁት። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር መልሼ እጠይቃለሁ። የምትሠሩበት ቤት ብርሃኑ እንዴት ነው? እዚያስ እግራችሁ እንደልቡ ይሄዳል ወይስ «ከዚህ አትለፉ» ተብላችኋል? ብርሃን ካጠረ ፕራይም ያስፈልጋችኋል። እግር ከታሰረ ዙም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ጭንቁ፤ እሱን በደንብ እናየዋለን።

ከብርሃኑ ልጀምር። ኤፍ የምንለው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ የአፐርቸሩ፣ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በኤፍ 2.8 ዙም እና በኤፍ 1.4 ፕራይም መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለት ስቶፕ ማለት አራት እጥፍ ብርሃን ማለት ነው። በዙሙ በ1/60 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት የያዛችሁትን፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሳትነኩ፣ በፕራይሙ በ1/250 ትይዙታላችሁ። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። አዳራሽ ውስጥ ግን የሙሽራዋ እህት እስክስታ ስትወርድ አስቡት። በ1/60 ትከሻዋ የለም፣ የነጭ ቀሚስ ጭረት ብቻ ነው የሚቀረው። በ1/250 ፊቷ ጥርት ይላል፣ የአንገት ሀብሏ ወደ ላይ ሲዘል ትይዙታላችሁ፣ ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ እንቅስቃሴ ይቀራል። ለእኔ የጭፈራ ፎቶ ማለት እሱ ነው።

ከካሜራው ጋር አብሮ በሚመጣው ዙም፣ በ18-55 ሚሊ ሜትር (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ያያል፣ ሲበዛ ያቀርባል) የምትሠሩ ደግሞ ልዩነቱ ይብስባችኋል። ያ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ነው። ከ50 ኤፍ 1.8 ጋር ስታወዳድሩት፣ ትንሹ 50 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የካኖኑ 50 ኤፍ 1.8 ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዋጋውም ከሌንሶች ሁሉ ለወጣት አቅም የሚቀርብ ነው። አቅማችሁ ለአንድ ሌንስ ብቻ ከሆነና በእጃችሁ ያለው 18-55 ከሆነ፣ ሳታመነቱ እሱን ግዙ። 18-55ቱን ግን አትሽጡት። ለምን እንደሆነ ሳሎን ቤት ስንገባ ታዩታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ለፎቶ ካሜራ ተብሎ በብዛት የተሠራው የመጀመሪያው ዙም በ1959 የወጣው የፎክትላንደር ዙማር ነው። ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩ ኤፍ 2.8። ዛሬም የባለሙያ ዙም ስንል በአብዛኛው ኤፍ 2.8 ነው የምንለው። ዙም ውስጥ ብዙ መስታወት እየተንቀሳቀሰ መሥራት አለበት። ብርሃን ልጨምር ሲባል መስታወቱ ይተልቃል፣ ይከብዳል፣ ይወደዳል። ካኖን በ2018 ያወጣው 28-70 ኤፍ 2 ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ በላይ ነው። ሶኒ በ2024 ያንኑ ዓይነት ከአንድ ኪሎ በታች አድርጎታል። ትልቅ ሥራ ነው። ዋጋው ግን ለአብዛኞቻችን ገና ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ሳሎን ቤት እንግባ። ሽምግልና ነው። ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ተደርድሯል፣ መሃል ጠረጴዛ አለ፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ የልጅቷ ቤተሰብ በሌላ ወገን። የእናንተ ጀርባ ከበሩ ጋር ተጣብቋል። 50ውን ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለው) ላይ ስታስገቡት እንደ 75 ወይም 80 ነው የሚያየው። ሦስት ሽማግሌ ይገባል፣ አራተኛው ትከሻው ይቆረጣል። ወደኋላ ለመሄድ ቦታ የለም። እዚህ ሰፊ ሌንስ ነው የሚያስፈልገው፤ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነው) ካሜራ ላይ 24፣ ክሮፕ ላይ 16 ወይም 17። የታምሮን ወይም የሲግማ 17-50 ኤፍ 2.8 ያገለገለ ካገኛችሁ ለእንዲህ ያለው ቤት የተፈጠረ ነው በሉት። ካላገኛችሁ ያቺ 18-55 አለች። የሳሎን ጣሪያ ዝቅ ያለና ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙሩት፣ ኤፍ 4 እንኳ ይበቃችኋል።

ትልቁ አዳራሽ ሌላ ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው። ደግሞ በዲኮር ጨርቅ ይሸፈናል፤ ጨርቁ ሐምራዊ ከሆነ ከጣሪያ የሚመለሰው የፍላሽ ብርሃንም ሐምራዊ ነው። ቢሆንም አዳራሽ ውስጥ ለፕሮግራሙ ዙም ይዛችሁ ግቡ ባይ ነኝ፣ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቴን በአንድ ነገር ላሳያችሁ።

ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ አስቡ። እናትና አባት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ጎንበስ ትላለች። እናት እጇን ራሷ ላይ ታደርጋለች፣ ቀና ታደርጋታለች፣ ታቅፋታለች። ይህ ሁሉ ጥቂት ሰከንድ ነው። መጀመሪያ 24 ላይ ሆናችሁ አራቱንም ትይዛላችሁ። ወዲያው 70 ላይ ገብታችሁ የእናትን እጅና የሙሽራዋን ፊት ብቻ ትይዛላችሁ። ስታቀፍ 35 አካባቢ ትመለሳላችሁ። ከኋላችሁ የቪዲዮ ሠራተኛው አለ፣ በግራችሁ ስልክ ያወጡ ዘመዶች አሉ፣ ወደኋላ መሸሽ የለም። በ85 ፕራይም ብትቆሙ ከሦስቱ አንዱን ታገኛላችሁ። ሌንስ ልቀይር ብትሉ ሙሽራዋ ወደ አባቷ ዞራለች። ቤተሰብ አልበሙን ሲከፍት የእናቱን እጅ ነው የሚፈልገው፤ የሌንሱን ቦኬ (የጀርባውን ድብዝዝታ) የሚጠይቅ የለም።

እራት ተበልቶ መብራቱ ዝቅ ሲል፣ ክቡ ሲሠራ፣ ያኔ ዙሙን አስቀምጡና 35 ኤፍ 1.4 ወይም 1.8 ይዛችሁ መሃል ግቡ። እግራችሁ ነፃ ነው። ሰዉም በዚያ ሰዓት ካሜራ አይፈራም።

ፕራይም ስትይዙ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው የፎከስ ጥልቀት ነው። ፉል ፍሬም ላይ 85ን በኤፍ 1.4 ከፍታችሁ ከሁለት ሜትር ብታነሱ፣ ጥርት የሚለው ከአምስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሙሽሮቹ ፊታቸው ትንሽ ከተቀዳደመ አንዱ ጥርት ይላል፣ አንዱ ይደበዝዛል። ለሁለት ሰው ቀዳዳውን አጥብባችሁ ኤፍ 2.8 አካባቢ አድርጉ። ለቤተሰብ ፎቶ፣ ሦስት ረድፍ ለቆመ ሰው፣ ኤፍ 5.6 አድርጉና ፍላሽ ተጠቀሙ። አያት ብዙ ጊዜ ከፊት ረድፍ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸውን አደብዝዞ ማስረከብ አይቻልም።

ሁለተኛው የኤልኢዲ ስክሪን ነው። ከመድረኩ ጀርባ የሙሽሮቹ ስም የሚበራበትን ማለቴ ነው። ፕራይም የያዘ ሰው ብርሃን ስለተረፈው ሹተሩን 1/1000 ያደርሰዋል። ከዚያ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ «ሌንሱ ተበላሸ» ይባላል። ሌንሱ ምንም አልሆነም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙው የአዳራሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ስታደርጉት ከአምፖሉ የሚመጣው መስመር በአብዛኛው ይጠፋል። ስክሪኑ የራሱ ፍጥነት ስላለው ቀድማችሁ አንድ ሁለት ፎቶ ሞክሩበት።

አሁን ወደ ጭንቁ እንምጣ። ተክሊል።

ንጋት ነው። ቅዳሴ ላይ ናችሁ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ቆማችኋል። ሙሽሮቹ ካባ ደርበዋል፣ አክሊል ደፍተዋል፣ ጧፍ በርቷል። ብርሃኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ጸሎቱን ይረብሻል። እግራችሁም ታስሯል፤ የምትቆሙበትን የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው። መውሰድ ያለባችሁን ሌንስ ርቀቱ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ከሰርጉ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። «አባታችን፣ የት ጋ እንድንቆም ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታው ላይ ቁሙና በካሜራችሁ እዩ።

ብዙ ሰው «85 ኤፍ 1.8 ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲርቀኝ በኋላ እቆርጠዋለሁ» ይላል። ይሠራል፤ ግን ድንበር አለው። ፎቶ ስትቆርጡ ኖይዙም (ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) አብሮ ይጎላል። እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። 85ቱን እስከ 130 እስኪመስል ብትቆርጡት ከ70-200 ኤፍ 2.8 ጋር እኩል ትሆናላችሁ። ከዚያ በላይ ከቆረጣችሁ ያተረፋችሁትን ብርሃን ጨርሳችሁታል፣ ዙሙ ይበልጣችኋል። ስለዚህ ካህናቱ ቀረብ እንድትሉ ከፈቀዱ 85። ካራቋችሁና 135 ኤፍ 1.8 ካላችሁ እሱ ንጉሥ ነው። ከሌላችሁ 70-200ውን ተከራዩ፣ አይኤስኦውንም አትፍሩ። ኖይዝ ያለበት ግን ጥርት ያለ ፊት ሙሽሮቹን አያስከፋም። የደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም፤ ተክሊል ድጋሚ አይደረግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ የዲያቆናቱ ልብስ ሁሉ ነጭ ነው። ካሜራው ነጩን አይቶ ፎቶውን ያጨልመዋል፣ የሰዉ ፊት ይጠቁራል። ፊት ላይ ለክታችሁ በማንዋል ሥሩ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ብርሃን እየጨመርኩ አወጣዋለሁ ማለት በፕራይሙ ያገኛችሁትን መልሶ መጣል ነው።

ስለ መግዛት ጥቂት ልበል። ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ሰርጋችሁን ፎልደር በላይትሩም (በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም) ክፈቱ። ለደንበኛ ያስረከባችኋቸውን ፎቶዎች በፎካል ሌንግዝ (24፣ 35፣ 85 በምንለው የሌንስ ቁጥር) ለዩዋቸው። አብዛኛው 24 እና 35 አካባቢ ከሆነ፣ ለ85 ብር አታውጡ፣ 35 ግዙ። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ በባትሪ መብራት መስታወቱን ከኋላ እያበራችሁ እዩ፤ ፈንገስ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ዙም ከሆነ ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት።

ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩ ደግሞ ሁለታችሁም 24-70 ይዛችሁ አትምጡ። አንዳችሁ በዙሙ ፕሮግራሙን ያዙ። ሌላችሁ በ35 ወይም በ85 ዳር ዳሩን ሂዱ፤ የሚያለቅሰውን ሚዜ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭበውን ሽማግሌ፣ ጠረጴዛ ሥር የተደበቁትን ልጆች አንሱ። ዋጋ ስትነጋገሩም ይህን ለደንበኛው አስረዱት። ሁለት ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ሲገባው ብዙም አይከራከርም።

24-70 ኤፍ 2.8 እና 35 ኤፍ 1.4 ይዤ መጥቻለሁ። የምትፈቅዱ ሁለት ልጆች ወደ መድረኩ ኑና እስክስታ ውረዱልን። የአዳራሹ ሠራተኛ መብራቱን ዝቅ ያደርግልናል። ካሜራ የያዛችሁ በየተራ በሁለቱም አንሱ፣ እዚሁ ስክሪን ላይ እያየን እንነጋገርበታለን። አመሰግናለሁ።