ከባናው በፊት ደረት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ደብረ ብርሃን ኅዳር ገብቷል፣ ውርጩም አብሮ ገብቷል። ኅዳር 8 ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በዓለም ዙሪያ የሚታሰቡበት ቀን ነው። የእኔም ልጅ ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው። ስለዚህ ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ላውራችሁ።

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው፣ በአውሮፓውያኑ 2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። ከአሥር ልጅ አንዱ ማለት ነው። ቁጥሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እኛ አገር ነገሩ እንደ እርግማን ተይዞ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። እናትየዋ ከባድ ዕቃ አንሥታ ይሆናል፣ ክፉ ነገር አይታ ይሆናል ይባላል። ባለቤቴ ምንም አላጠፋችም። ደም ግፊቷ ነው የጨመረው። ራስ ምታቱ አልለቅ አላት፣ ዓይኗ ብዥ አለባት፣ ፊቷና እጇ አበጠ። ነፍሰ ጡር ሆና እንዲህ የሚሰማት ሰው ቤታችሁ ካለች እባካችሁ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ አድርሷት። ልጁ ቶሎ እንደሚመጣ ቀድሞ ከታወቀ፣ ሳንባውን የሚያጠነክር መርፌ ለእናትየው ይሰጣል። መርፌው እንዲሠራ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ልጄ በ31 ሳምንቷ ተወለደች። 1,400 ግራም። ቆዳዋ ስስ ነው፣ የደም ሥሯ ከሥሩ ይታያል። ጆሮዋ ገና ስላልጠነከረ ኮፍያው ሲያጥፈው እንደታጠፈ ይቀራል። ነርሷ በመጣች ቁጥር በአንድ ጣቷ ቀስ ብላ ታቃናዋለች።

አማቴ የሰሙ ዕለት ከመንዝ ባና ይዘው መጡ። እውነተኛ የበግ ፀጉር ባና፣ ከባድ፣ ሙቅ። ከዚህ ሌላ ምን ይምጣ? በኛ አገር ብርድ አራስን የሚያድናት እሱ ነው። ነርሷ በአክብሮት ተቀበለቻቸውና ባለቤቴን አለበሰቻት። ከዚያ እንዲህ አለቻቸው፦ «እማማ፣ ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ነው የሚይዘው። እቺ ልጅ ደግሞ ገና የራሷን ሙቀት በደንብ አታመነጭም። እሷ የምትፈልገው ገላ ነው።» ባለቤቴ ግፊቷ አልወረደም ነበር። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አባቷ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ።»

ልጅቷን በዳይፐር፣ በኮፍያና በካልሲ ብቻ አድርጋ ደረቴ ላይ አቆመቻት። እግሮቿ ወደ ጎን ተከፍተው ታጠፉ። ራሷን ወደ አንድ ጎን አዞረችውና አፍንጫዋ እንዳይታፈን አየች። በነጠላ ጠበቅ አድርጋ አሰረችን። ጋቢው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትንፋሿ ፈጠን ይላል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይቀጥላል። እኔም አብሬያት መተንፈስ ጀመርኩ።

ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። የተጀመረው በአውሮፓውያኑ 1978፣ ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ነው። ሕፃናቱ የሚተኙበት ማሞቂያ ሣጥን አልበቃ ብሎ ሁለትና ሦስት ሕፃን አንድ ላይ ይተኛ ነበር፣ ኢንፌክሽኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመት ነበር። ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አስተኛቸው። ቦጎታ እንደኛው ደጋ ናት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ። እኛ ከዚያም ከፍ እንላለን፣ ወደ 2,800። ታሪኩን ሳነብ ሩቅ አገር አልመሰለኝም። ከ2022 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ እንደተወለዱ ወዲያውኑ ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ነው። ይሄን ሁሉ ሰዓት ደግሞ አንዲት አራስ ብቻዋን አትችለውም። አባት ይችላል፣ አያት ትችላለች፣ አክስት ትችላለች። እኛ ወንዶች በረንዳ ላይ ቆመን ስልክ የምንነካካበት ምንም ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በጣም የሚያሳስበኝ። ሊጠይቁን የመጡ አንድ እናት ሊያጽናኑን ብለው «አይዟችሁ፣ የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል። የማይሆነው የስምንቱ ነው» አሉ። ጎናችን ያለው አልጋ ላይ የስምንት ወር ልጅ የወለደች የአንጎለላ ሴት ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የጡቷን ወተት የምታልብበትን ኩባያ ገፋችው። ለማይኖር ልጅ ማን ይደክማል? ሐኪሙ ሲመጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገራት፦ ልጅ ማኅፀን ውስጥ በቆየ ቁጥር ይበረታል። እያንዳንዷ ሳምንት ዋጋ አላት። የስምንት ወሩ ልጅ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አስነገረችው። ከዚያ ኩባያውን ራሷ አነሣች። ይህንን አባባል ከቤታችን እናውጣው፣ ለማንም አይበጅም።

ቤት ከገባችሁ በኋላም ብርዱ አይለቅም። የልጁን ሆድና እግር በእጃችሁ ዳስሱ። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ በርዶታል ማለት ነው፣ ቶሎ ደረት ላይ አድርጉት። ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። መጥባት እምቢ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተቋረጠ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ኦክስጅን የወሰደ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዓይኑን አስመርምሩ። «እስካሁን አልተቀመጠችም እንዴ?» ለሚሏችሁ ጎረቤቶች መልስ አለ፦ ዕድሜዋ የሚሰላው መወለድ ከነበረባት ቀን ነው።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱም አደራ። ልጁ ማሞቂያ ክፍል ነው ተብሎ እልልታው ይቀራል፣ ገንፎው ይቀራል፣ ሰው «ይተርፋል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት አጥታ ነው የሰነበተችው። በሏት። ልጇ ኪሎ ሳይሞላ ተወልዶም ቢሆን ወልዳለች። ስሙን ጠይቋት። ከዚያ በረንዳ ላይ የቆመውን ባሏን ጥሩና «ተራህ ነው፣ ግባ» በሉት።