አሸዋ ወንፊት አይደለም

[ምስል፦ ሸዋ ሮቢት፤ በበጋ የወንዝ አሸዋ ላይ የተጫረ ጉድጓድ፣ ውስጡ ውሃ]

በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ሰው አሸዋውን ጫር ጫር አድርጎ ጥርት ያለ ውሃ ይቀዳል። "አሸዋው አጣራው" እንላለን። ልክ ነው፤ ግን እንዴት? አብዛኞቻችን እንደ ወንፊት እናስበዋለን። ቁጥሩ ግን እምቢ ይላል።

ውሃውን የሚያደፈርሰው የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚያህሉ የአሸዋ ፍሬዎች መካከል ባለው በጣም ጠባቡ መተላለፊያ እንኳ፣ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች በደርዘን ሆነው ጎን ለጎን ያልፋሉ። ታዲያ ምን ያዛቸው?

[ምስል፦ የኢንዋሪ መረሬ አፈር በጠርሙስ ውሃ ሲበጠበጥ]

መጀመሪያ አዘቃቀጡን እንይ። መረሬውን በጥብጣችሁ አስቀምጡት። አሸዋ ካለበት ደቂቃ ሳይሞላ ታች ነው። ሸክላው 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ እሱም 0.002 ሚሊ ሜትር የሚያህለው፤ ከዚያ ያነሰው ቀናት ይንሳፈፋል። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያወጣው ስሌት ይህን ይነግረናል፦ የቅንጣቱ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ጠርሙሱ ግልጽ ነው፣ አሸዋ ውስጥ ግን አይን አይገባም። መላው ምንድን ነው? አሸዋውን ማስጠፋት! ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ይታጠፋል፤ በመስታወቱና በፈሳሹ ውስጥ ብርሃን እኩል የሚታጠፍ ከሆነ ግን መስታወቱ አይታይም። እሳት የሚችለውን የፓይሬክስ ብርጭቆ የምግብ ዘይት ውስጥ ንከሩት፣ ሊጠፋባችሁ ትንሽ ነው የሚቀረው። ተመራማሪዎችም በአሸዋ ፈንታ የተፈጨ መስታወት ተመጣጣኝ ፈሳሽ ውስጥ ይሞላሉ፣ የሚያበሩ ቅንጣቶች ይለቁበታል፣ በስስ የሌዘር ብርሃን አንዷን ንጣፍ ብቻ አብርተው ካሜራው እያንዳንዷን ነጥብ ከፎቶ ወደ ፎቶ እንዲከተል ያደርጋሉ።

ለእውነተኛ አፈር ሲቲ ስካን አለ፣ የሆስፒታሉ ዘመድ። ክፍተቶቹን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ አንዲት የሸክላ ቅንጣትን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይለይም፣ እሷ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው የምትፈልገው።

[ምስል፦ የሚያበሩ ነጥቦች በፍሬዎች መካከል ሲጓዙ]

በምስሉ የሚታየው ይሄ ነው። ከበድ ያለችው ቅንጣት ውሃው ቀስ ሲል የፍሬው ጀርባ ላይ ትቀመጣለች። ሌላዋ ውሃውን ተከትላ ስትታጠፍ ፍሬውን ትነካና እዚያው ትለጠፋለች። በጣም ትንሿ ደግሞ የውሃ ሞለኪውሎች እየገፈታተሯት ስትወዛወዝ ትጋጫለች። ለመያዝ የምታስቸግረው መካከለኛዋ ናት፣ 0.001 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለችው፦ ለመዝቀጥ ቀላል፣ ለመወዛወዝ ከባድ። ብዙ ባክቴሪያዎች ደግሞ መጠናቸው እዚሁ ግድም ነው፤ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ለመለጠፉ ጨው ያግዛል። ሸክላውም አሸዋውም በአብዛኛው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ የተሟሟ ጨው ያን ግፊያ ያለዝበዋል። በቀጭን የመስታወት ቦይ ውስጥ ጨዋማውን ውሃ እንደ ዝናብ ጨው በሌለው ቀይሩትና ማይክሮስኮፑን ተመልከቱ፤ ጸጥ ብለው የተለጠፉት ቅንጣቶች አንድ በአንድ እየተላቀቁ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ።