ከፈተናው ይልቅ ልቤን ነበር የምፈራው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ዶርም ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ላይብረሪ እስኪሄዱ ጠብቄ ነው የጀመርኩት። ኮሪደር ላይ ባልዲ የሚጎትት ሰው ከተሰማችሁ ይቅርታ፣ ዛሬ ውሃ መጥቷል።

የማወራችሁ ስለ ፓኒክ አታክ ነው፤ ሰውነትን ሁሉ ስለሚይዝ ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት። በተለይ ፈተና ሲደርስ ስለሚመጣው።

በመጀመሪያ ግን አንድ የሚያናድደኝ ነገር ላንሳ። «ፈተና ነው እኮ፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ማትሪክ የተፈተንኩት ጥቅምት 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የተፈተነው ያኔ ነው የተጀመረው። ስልክ የለም፣ ቤተሰብ የለም። በማናውቀው ግቢ፣ በማናውቀው አልጋ እያደርን ተፈተንን። ውጤት ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። የቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ ከዚያ 8.4። እኔ ከቀሩት 96.7 በመቶዎቹ አንዷ ነኝ። በሪሚዲያል፣ ማለትም ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው የገባሁት። አሁን ደግሞ ከፊቴ ኤግዚት ኤግዛም አለ፤ አራት ዓመት ተምረህ እሱን ካላለፍክ ዲግሪ የለም። ስለዚህ ያስጨንቃል። የሚያስጨንቅ ነገር ፊት መጨነቅ በሽታ አይደለም።

ፓኒክ አታክ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የመጣብኝ ማትሪክ ላይ አልነበረም፣ የሚገርመው። ሪሚዲያል ላይም አይደለም። ሁለተኛ ዓመት፣ የስታቲስቲክስ ፋይናል ላይ ነው። ያውም ደህና አድርጌ የቸከልኩት ኮርስ።

የጥያቄው ወረቀት ተገልብጦ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ፈታኙ «ገና እንዳትገልጡ» እያለ በመደዳዎቹ መሃል ይመላለሳል። ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል። ልቤ አንዴ ድው አለ። ከዚያ በላይ በላዩ። የመዳፌ ላብ ወረቀቱን አረጠበው። ቀጥሎ የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ፣ ከንፈሬም ዙሪያውን። እስክሪብቶውን ስይዘው እጁ የኔ አልመስል አለኝ። አየር ብስብ ብስብ አይገባም። «ልሞት ነው» አልኩ። ልብ በሉ፣ «ልወድቅ ነው» አላልኩም። ፈተናው ጨርሶ ከሐሳቤ ወጥቷል።

ተነስቼ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች ከበቡኝ። አንዷ ሎሚ አሸተተችኝ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ያዘ፤ የሚጥል በሽታ መስሎት ነው። ከኋላ ደግሞ አንዷ ቀስ ብላ «ዓይነ ጥላ ነው» አለች።

ዓይነ ጥላ የሚለውን ከሰፈር ጀምሮ እንሰማዋለን። ያጠና ልጅ ፈተና ላይ ሁሉም ነገር ሲጠፋበት የሚባለው እሱ ነው። እናቴም ስነግራት ያለችኝ ይሄንኑ ነው፤ ጸበል ወሰደችኝ። በዚህ አልቀልድም። ሌሊት ተነስቶ ከእናት ጋር መሄዱ፣ ማንም ስለ ጂፒኤ የማይጠይቅበት ቦታ መዋሉ ደስ ይላል። ግን ሚድ ሲደርስ ልቤ እንደገና ጀመረ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ጨጓራ ነው ተባልኩ። ቀጥሎ ታይፎይድ። በኛ አገር ጨጓራና ታይፎይድ ያልተባለ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። በኋላ አንዲት ሐኪም በሥርዓቱ አየችኝ፤ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ)፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን። ይሄ መታየት አለበት፤ ደም ማነስም የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም ልብን ያስመታሉ። ሁሉም ደህና ሆነ። «ምንም የለብሽም» ስባል ግን ደስ አላለኝም። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ያ ሁሉ ምን ነበር?

ከፈተናው የባሰው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ክላስ ስገባ በር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። የውሃ ኮዳ ሳልይዝ ከዶርም አልወጣም። መምህሩ እያስተማረ እኔ ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ የልብ ምቴን እቆጥራለሁ። አራተኛ ፎቅ ያለ ክላስ ካለኝ በየፎቁ እያረፍኩ ነው የምወጣው፤ ለምን ቢባል ደረጃ ልብ ያስመታል። የጓደኛዬ ልደት ላይ እስክስታ ሲወርድ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ሰው ኮራች አለ። እኔ ልቤን እየጠበቅኩ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋ ደረስኩ። ስሄድ ለማንም አልተናገርኩም። ግቢ ውስጥ ስለ አእምሮ ሕክምና ትንሽ ካነሳህ «አማኑኤል ልትገባ ነው?» ይሉሃል፤ ሰው ሲታመም የሚታከምበት ሆስፒታል ስም መሳለቂያ መሆኑ ራሱ ያሳዝናል። ነርሱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣

«ስንቴ ሊገድልሽ መጣ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ብዙ ጊዜ ነው።»

«ስንቴ ገደለሽ?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ አስረዱኝ። ሰውነት አደጋ ያለ ሲመስለው አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል መዘጋጀቱ ነው። ችግሩ፣ ውሻ ለሌባም ለዘመድም እንደሚጮኸው፣ ይሄም ለጅብም ለጥያቄ ወረቀትም ያው ነው። እኛ ደግሞ ተቀምጠን ነው የምንተነፍሰው እንጂ እየሮጥን አይደለም። ከሚገባው በላይ ስንተነፍስ ደማችን ውስጥ ያለው ካርቦንዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚያዞረው በዚህ ነው። አየር ያጠረን የሚመስለን አየር በዝቶብን እያለ ነው ማለት ነው። ይሄን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አታኩ ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ምንም ባታደርጉም ይወርዳል። ይቺ ናት ለኔ ትልቋ ነገር። እኔ ሁልጊዜ ሮጬ ስለምወጣ የወረደው ስለወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ሎሚው ያዳነኝ፣ በሩ ያዳነኝ፣ ውሃው ያዳነኝ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ አይቼው አላውቅማ!

በኋላ ሳነብ ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ይሄንኑ ጽፎት አገኘሁ። ሰውየው የሚለው፣ ፓኒክን የሚያባብሰው ለሰውነት ስሜት የምንሰጠው ትርጉም ነው። ልብ መታ፤ «የልብ ድካም ነው» ብለህ ትፈራለህ፤ ስትፈራ የባሰ ይመታል፤ ሲብስ ደግሞ «አላልኩም!» ትላለህ። ክቡ ይዞርልሃል።

ሕክምናው ታዲያ ምን መሰላችሁ? ነርሱ «ተነሽና እዚሁ ቆመሽ ሩጪ» አሉኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ረጅም ቀሚስ ነው የለበስኩት፣ እግሬ ላይ ክፍት ጫማ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ውጭ ወረፋ የያዙ እናቶች ያዩኛል። አንድ ደቂቃ ያህል ባለሁበት ሮጥኩ። ልቤ ድው ድው አለ። «ይሄ ነው የምትፈሪው?» አሉ። «አዎ።» «በይ ተቀመጪና እይው።» ውሃ የለ፣ ሎሚ የለ። አየሁት። ቀስ እያለ ወረደ። የቤት ሥራዬ ይሄ ሆነ፤ በየቀኑ ደረጃ መሮጥ፣ ቆሞ መዞር፣ ሆን ብሎ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። ልቤ መምታቱን ሰውነቴ እስኪለምደው። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ግን ከሐኪም ጋር ሳትመካከሩ እንዳትሞክሩት።

መድኃኒትም አለ፣ የሚያስፈልገው ሰው ይወስዳል፣ ነውር የለውም። እኔ ጋ አልደረሰም እንጂ ቢታዘዝልኝ እውጥ ነበር።

ስለ ትንፋሽ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ሰው «በረጅሙ ተንፍሺ» ይላል። እኔ በረጅሙ ስስብ ብሶብኝ ነው የማውቀው። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፣ ትርፉ አየር ነው። የሚረዳው ቀስ ብሎ፣ አስረዝሞ ማስወጣቱ ነው። እሱም ቢሆን አታኩን ለማባረር ከሆነ ያው ሌላ ኮዳ ሆነ ማለት ነው። እስኪያልፍ አብሮ ለመቀመጥ ከሆነ ደግሞ ጥሩ።

ቡና ላይ አልፈርድም፣ የሀበሻ ልጅ ነኝ። ግን በፈተና ጠዋት ባዶ ሆዴን ቡና አልጠጣም። ጫት ደግሞ ለፋይናል ሰሞን ስንቱ ልጅ ይቅማል መሰላችሁ፤ እሱም ልብን የሚያስሮጥ ነው። ሌሊቱን ነቅቶ፣ ቅሞ፣ በላዩ ቡና ደርቦ «ፓኒክ ለምን መጣብኝ» የሚለኝ ልጅ አለ። በል ተኛ ነው የምለው።

ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ ራሚሬዝ እና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ስለ ጭንቀታቸው የጻፉ ተማሪዎች ካልጻፉት የተሻለ ሠሩ ይላል። የተለየ ነገር አይደለም፣ መጻፍ ብቻ። እኔ ሀንድአውት ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው። «አባዬ ለትራንስፖርቴ በግ ሸጧል። ብወድቅ ምን እለዋለሁ? ታናሽ ወንድሜ እኔን እያየ ነው የሚማረው። የሰፈር ሰው ሲጠይቅ እማዬ ምን ትላለች?» እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ከዚያ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ለሁሉም ይሠራል አልልም። እኔ ግን ቢያንስ ሐሳቡን ፈተና ክፍል ውስጥ እንደ አዲስ አልሰማውም።

አባዬን ካነሳሁ አይቀር፣ በፈተና ጠዋት ይደውልልኝ ነበር። «በርቺ የኔ ልጅ፣ ተስፋችን አንቺ ነሽ።» ምርቃት ነው፣ በፍቅር ነው የሚለው። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋው ትከሻዬ ይከብዳል። አንድ ቀን እንደምንም ብዬ «አባዬ፣ ፈተና ካለኝ ማታ ደውልልኝ፣ ስለ ፈተናው ሳይሆን ስለ እርሻው ንገረኝ» አልኩት። ዝም አለ። የተቀየመ መሰለኝ። አሁን ማታ ማታ ይደውላል፤ ማን ከማን ጋር በወሰን እንደተጣላ፣ ጤፉ ላይ አረም እንዴት እንደወጣበት ያወራልኛል። አንዳንዴ አይዘጋም ሁሉ!

ያለፈው ሳምንት የኤግዚት ሞዴል ተፈተንን። ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ሰዓቱ ጥግ ላይ ወደ ታች ይቆጥራል። ገና ስገባ ልቤ ተነሳ። ጣቴ ማውሱ ላይ ደነዘዘ። በሩን አየሁት፣ ሩቅ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው መሃል የተቀመጥኩት። «መጣህ? ተቀመጥ» አልኩት በልቤ። አንድ ጥያቄ አነበብኩ፣ አልገባኝም። ደግሜ አነበብኩት፣ አሁንም አልገባኝም። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። ሳልወጣ ጨረስኩ። ውጤቴ 58 ነው። ከዚያ በላይ ጠብቄ ነበር፣ ሁለት ኮርስ እንደገና ማንበብ አለብኝ።

እንግዲህ የምታውቁት ዓይነት ነገር ከሆነ፣ አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ግን ፈተና እስኪያልፍ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ። ሌሎቻችሁ ካርድ ለማውጣት በጠዋት ሂዱ። ሀንድአውትም ያዙ፣ ወረፋው አንድ ቻፕተር ያስጨርሳል።